ጥርስ ሲጎድል

ልጅ ጥርሱ ሲወልቅ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ትልቅ ሰው ጥርሱን ሲያጣ ግን ዝም ይላል። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ፎቶ ሲነሳ ከንፈሩን ይገጥማል። በአንድ ጎን ብቻ ማኘክ ይለምድና ለምን እንደሆነ ለማንም አይናገርም። ስለ ደም ግፊታችን፣ ስለ ጨጓራችን፣ ስለ ወገባችን በግልጽ የምናወራ ሰዎች ወሬው የጎደለ ጥርስ ሲሆን ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን።

ይህ ዝምታ ያሳስበኛል። ዝም ያለ ሰው አይጠይቅም። ያልጠየቀ ሰው ደግሞ ወይ መጀመሪያ የቀረበለትን ይቀበላል፣ ወይ ሳይወስን ዓመታት ያልፉበታል። ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ብቻም አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች 7 በመቶ የሚጠጉት አፋቸው ውስጥ አንድም ጥርስ የለም። 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው መካከል ደግሞ ቁጥሩ 23 በመቶ ይደርሳል። ይህ እንግዲህ ሁሉንም ያጡትን ብቻ ነው። አንድም ሁለትም የጎደላቸው ሲጨመሩ፣ ዕድሜ ከገፋ በኋላ ጉዳዩ የማይነካው ሰው ማግኘት ይከብዳል።

እኔ ያጣሁት ከታች በግራ በኩል ያለውን ትልቁን የመንጋጋ ጥርስ ነው። ከዓመታት በፊት ነርቩ ታክሞ ነበር፤ ሩት ካናል የሚባለው ሕክምና ማለት ነው። ብዙ ካገለገለኝ በኋላ ሥሩ ከላይ ወደ ታች ተሰነጠቀ። እንዲህ ያለ ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ መጠገኛ የለውም። ባክቴሪያ በስንጥቁ ይገባና በዙሪያው ያለውን አጥንት ይበላል። ሐኪሟ ራጁን እያሳየችኝ፣ "ይሄን ጥርስ ባቆዩት ቁጥር አጥንትዎን እየበላ ይሄዳል" አለችኝ። መነቀሉ የግድ ሆነ።

እኔም ወዲያው በቦታው ምን እንደሚተካ ጠየቅኋት። "ስለሚወጣው በኋላ እናወራለን። መጀመሪያ የሚቀሩትን ልያቸው" አለችኝ። ከዚያ ትንሿን መስታወት ይዛ አንድ በአንድ አየቻቸው። ግራና ቀኝ ያሉትን ጎረቤቶች፣ የድዱን ሁኔታ፣ ከላይ የሚገጥመውን ጥርስ፣ የአጥንቱን ከፍታ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ያን ዕለት የገባኝ ነገር ነው። የትኛው ምትክ ይሻላል ለሚለው ጥያቄ መልሱን የሚሰጡት የሚቀሩት ጥርሶች ናቸው። የጎደለውን ቦታ ብቻ አይቶ የተሠራ ሥራ ውሎ አድሮ ጤነኞቹንም ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት ጥርስ ከተነቀለ በኋላ በአጥንቱ ውስጥ የሚሆነውን ማወቅ ይጠቅማል። ጥርስና አጥንት በቀጥታ አልተጣበቁም። በመካከላቸው በጣም ቀጭን የሆነ ጅማት አለ። ስናኝክ ጫናው በዚያ ጅማት በኩል ወደ አጥንቱ ይደርሳል። አጥንቱም ይህ ጫና ስላለበት ራሱን እያደሰ ይኖራል። ጥርሱ ሲሄድ ጅማቱም ጫናውም አብረው ይሄዳሉ። ሥራ የፈታ አጥንት ደግሞ እየሟሟ ያልቃል። በመጀመሪያው አንድ ዓመት ውስጥ የዚያ ቦታ አጥንት ስፋት እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። አብዛኛው ቅነሳ የሚደርሰውም በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ሰው "ቁስሉ ድኗል" ብሎ በሚያርፍበት ወቅት ማለት ነው።

ጎረቤቶቹም ዝም ብለው አይቀመጡም። ከክፍተቱ ኋላ ያለው ጥርስ ወደ ፊት ማዘንበል ይጀምራል። ከላይ ያለው ደግሞ የሚገጥመው ሲያጣ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። የዘመመ ጥርስ ለማጽዳት ያስቸግራል፤ ሥሩ ላይ ምግብ ይሸጎጣል፣ ድዱ ይቆጣል፣ ከዚያም መቦርቦር ይመጣል። ይህ በሁሉም ሰው ላይ በአንድ ዓይነት ፍጥነት አይሆንም። ለብዙ ዓመታት እምብዛም የማይለወጥ አፍ አለ። በሌላው ሰው ግን ክፍተቱ እየጠበበና ከፍታው እያነሰ ሄዶ፣ በኋላ ጥርስ ለማስተካት ሲመጣ ቦታ ይታጣል። ስለዚህ ምንም ላለማስገባት የወሰነ ሰው እንኳ በየጊዜው መታየት አለበት።

ምንም አለማስገባት ስል ደግሞ እንደ ስንፍና ቆጥሬው አይደለም። ራሱን የቻለ ምርጫ ነው። በቂ ክብርም አይሰጠውም። አርንድ ካይሰር የሚባል የኔዘርላንድስ የጥርስ ሐኪምና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ጥናት በዚህ ላይ ብዙ ሰው ያሳመነ ነው። የኋላ መንጋጋዎቻቸውን አጥተው የፊት ጥርሶቻቸውና ከእነሱ ቀጥሎ ያሉት ትንንሽ መንጋጋዎች ብቻ የቀሩላቸውን ሰዎች ተከታተለ። ብዙዎቹ በደንብ ያኝካሉ፣ በመልካቸውም ደስተኞች ናቸው። በጥሩ ሁኔታ የሚገጥሙ 20 ጥርሶች ለብዙ ሰው ይበቃሉ የሚለው ሐሳብ ከዚያ ወዲህ ሥር ሰደደ። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1989 የጀመረችው ዘመቻም ግቡ ይኸው ነው፤ ሰው 80 ዓመት ሲሞላው 20 የራሱ ጥርሶች ይኑሩት የሚል።

ወንድሜ የመጨረሻውን መንጋጋ ባስነቀለ ጊዜ ሐኪሙ ምንም እንዳያስገባ መከረው። ከኋላው ሌላ ጥርስ የለም፤ ስለዚህ የሚዘም ጎረቤት የለም። ከላይ ያለው ደግሞ በከፊል ከሌላ ጥርስ ጋር ስለሚገጥም አይወርድም። በሌላ በኩል ያለው ማኘኪያም ሙሉ ነው። ወንድሜ ተከራከረ፤ አንድ ነገር ካልተደረገለት የተጎዳ መስሎት ነበር። አሁን በየጊዜው ይታያል፤ ምንም ችግር የለበትም። ገንዘቡንም ጤነኛ ጥርሶቹንም ያዳነለት ያ ሐኪም ነው። ሥራ አገኘሁ ብሎ የማይሻማ ሐኪም ስታገኙ አትልቀቁት።

የፊት ጥርስ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ጋ ማኘክ ብቻ ሳይሆን ንግግርም፣ ፈገግታም፣ ሰው ፊት መቅረብም አለ። "ስ"ን እና "ፍ"ን አጥርቶ ማውጣት ራሱ ይከብዳል። "ለመልክ ነው እንጂ ለጤና አይደለም" ብሎ ነገሩን የሚያቃልል ሰው ያናድደኛል። ሰው ከመሳቅ ከተቆጠበ፣ ስብሰባ ላይ ከመናገር ከተቆጠበ፣ ጤናው ተነክቷል። ለዚህ ነው የፊት ጥርስ ሲነቀል በዚያው ዕለት የሚገጠም ጊዜያዊ ጥርስ አስቀድሞ የሚሠራው። ከመነቀሉ በፊት ልክ ይወሰዳል፣ ይዘጋጃል፣ ሰውየው ክፍተት ሳይታይበት ቤቱ ይገባል። ይህ እንደሚቻል ብዙ ሰው አያውቅም። ሳይጠይቅ ይቀርና ለሳምንታት ከሰው ይሸሻል።

ከምትክ ዓይነቶች በጣም የተለመደው የሚወልቀው፣ ማለትም አውልቀው መልሰው የሚያደርጉት ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። አንድም ብዙም ጥርስ ሊተካ ይችላል። ቀዶ ሕክምና አይፈልግም፣ ከሌሎቹ ይረክሳል፣ ጎረቤት ጥርሶችም ብዙ አይነኩም። ወደፊት ሌላ ጥርስ ቢነቀል እንኳ ብዙ ጊዜ በዚያው ላይ መጨመር ይቻላል። በውስጡ ግን ልዩነት አለ። ሙሉ በሙሉ ከፕላስቲክ የተሠራው አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው ድድ ላይ ነው። በተነከሰ ቁጥር ድዱን ይጫናል። የብረት አካል ያለው ደግሞ በቀሩት ጥርሶች ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ ሊሠራ ስለሚችል ጫናውን ጥርሶቹ ይሸከሙታል፤ ቀጭንም ነው። እንደ ናይለን የሚለጠጠው ዓይነት የብረት መንጠቆ ስለሌለው ለዓይን ያምራል። ሲሰበር ግን መጠገን፣ ሲሰፋም እንደገና ማስተካከል ያስቸግራል። የሁሉም ድካማቸው አንድ ነው፤ መንጠቆው የሚይዛቸው ጥርሶች ዙሪያ ቆሻሻ ይጠራቀማል። ጥርሱን አውልቆ በየቀኑ የማያጸዳ ሰው፣ አንዱን ለመተካት ያደረገው ነገር የሚደግፉትን ያሳጣዋል።

ብሪጅ፣ ማለትም ድልድይ፣ የሚለው አሠራር ቋሚ ነው። ክፍተቱ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ጥርሶች ዙሪያቸውን ይሞረዳሉ። ከዚያ ሦስት ጥርስ አንድ ላይ ተያይዞ ይሠራና ሁለቱ ዳርና ዳር በተሞረዱት ላይ ይለጠፋሉ፤ መካከለኛው ክፍተቱን ይሞላል። በአጭር ጊዜ ያልቃል። አይወልቅም፣ እንደ ራስ ጥርስ ይታኘክበታል። በደንብ ከተያዘ 10 ወይም 15 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያገለግላል።

ግን መሞረድ የሚለው ቃል በቀላሉ መታለፍ የለበትም። የጥርስ ውጫዊ ሽፋን አንዴ ከተሞረደ ተመልሶ አይበቅልም። ከተሞረዱ ጥርሶች አንዳንዶቹ ከዓመታት በኋላ ነርቫቸው ይሞትና ሌላ ሕክምና ይፈልጋሉ። ከድልድዩ ሥር መቦርቦር ከጀመረ ደግሞ ሳይታይ ብዙ ርቀት ይሄዳል፤ ሲደረስበት ሦስቱም ጥርሶች አደጋ ላይ ናቸው። እንግዲህ እዚህ ጋ ነው የጎረቤቶቹ ጤንነት ወሳኝ የሚሆነው። ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ቀድሞውኑ በትልልቅ ሙሌት የተያዙና ክራውን፣ ማለትም ጥርሱን ዙሪያውን የሚሸፍን ቆብ፣ የሚያስፈልጋቸው ከሆነ፣ ብሪጅ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው። ምንም ያልተነኩ ንጹሕ ጥርሶች ከሆኑ ግን ሁለት ጤነኛ ለአንድ ጎዶሎ ብሎ መሞረድ ለእኔ ከባድ ነው። የእኔዎቹ ያልተነኩ ነበሩ። ሐኪሟም፣ "እነዚህን መሞረድ ያሳዝነኛል" አለችኝ። ሌላ የምጠይቃት አልነበረኝም።

አንድ መካከለኛ መንገድም አለ። ምትኩ ጥርስ ከጎኑ ትንሽ ክንፍ ይኖረውና በጎረቤቱ ጥርስ ጀርባ ላይ በሙጫ ይለጠፋል። ጎረቤቱ አይሞረድም፣ ቢሞረድም በጣም ጥቂት ነው። በተለይ ለፊት ጥርስ ይመቻል። ገና አጥንታቸው ማደግ ላላቆመ ወጣቶችም ጥሩ መቆያ ነው። ችግሩ አንዳንዴ መላቀቁ ነው። ሲላቀቅ ግን ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይለጠፋል፣ ከሥሩ ያለው ጥርስም ሳይጎዳ ይቀራል። ይህን አሠራር የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ስለማይታወቅ ብቻ።

ኢምፕላንት፣ ማለትም አጥንት ውስጥ የሚተከለው ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር ላይ ትንሽ ልቆይ። ታሪኩን ስለምወደው ነው። ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ የሚባል ስዊድናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1952 የጥንቸል አጥንት ውስጥ የደም ዝውውርን ያጠና ነበር። ለመመልከቻ የተጠቀመበት መሣሪያ ከቲታኒየም የተሠራ ነው። ጥናቱ ሲያልቅ መሣሪያውን ለማውጣት ቢሞክር እምቢ አለው። አጥንቱ ከብረቱ ጋር ተዋህዷል። ሌላ ሰው ቢሆን በተበላሸው መሣሪያ ተናዶ ያልፈው ነበር። እሱ ግን እዚያው ላይ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1965 ዮስታ ላርሶን ለሚባል የመንጋጋ ችግር ለነበረበት ሰው በታችኛው መንጋጋው ቲታኒየም ተከለለት። የሙያ ባልደረቦቹ ግን ለረጅም ጊዜ አላመኑትም። ሥራው በሰፊው ተቀባይነት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1982 በቶሮንቶ ከተደረገ ጉባኤ በኋላ ነው። ላርሶን እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሞት ኢምፕላንቶቹ አሁንም ይሠሩ ነበር። ከ40 ዓመት በላይ ማለት ነው።

አሠራሩ ዛሬም በመሠረቱ ያው ነው። ትንሽ የቲታኒየም ብሎን አጥንት ውስጥ ይተከላል። አጥንቱ እስኪዋሃደው ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይጠበቃል። ከዚያ በላዩ ላይ ጥርሱ ይገጠማል። ትልቁ ጥቅሙ ጎረቤቶቹን አለመንካቱ ነው። ራሱን ችሎ ይቆማል፣ ጫናውንም ለአጥንቱ ያደርሳል፤ አጥንቱ ሥራ አይፈታም። ከ100 ኢምፕላንቶች ከ90 በላይ የሚሆኑት ከ10 ዓመት በኋላም በቦታቸው ይገኛሉ። እኔም የመረጥኩት ይህንን ነው፤ እስካሁን ደስተኛ ነኝ።

ደስተኛ መሆኔ ግን ጉድለቱን አይሸፍነውም። "ብረት ነው፣ አይበሰብስም፣ ጨረስኩ" ብሎ የሚያስብ ሰው አጋጥሞኛል። አዎ፣ አይቦረቦርም። በዙሪያው ያለው ድድ ግን ይታመማል። በኢምፕላንት ዙሪያ የሚነሳው ኢንፌክሽን አጥንቱን በዝምታ እየበላ ይሄዳል፤ ለማከምም ከተራ የድድ ሕመም ይከብዳል። የራሱን ጥርስ ያጣው በድድ ሕመም የሆነ ሰው ሕመሙን ሳያክም ኢምፕላንት ቢያስተክል፣ ሕመሙ አድራሻ ቀየረ እንጂ አልሄደም። ደግሞ ኢምፕላንት ያ ቀጭን ጅማት የለውም። ስለዚህ የራስ ጥርስ የሚሰማውን ያህል አይሰማም። ጠንካራ ነገር ሲነከስ ጥርስ "በቃ" የሚልበት ስሜት ይቀንሳል። እኔ ይህን ልዩነት አስተውለዋለሁ። የሚያስጨንቅ አይደለም፣ ግን አለ።

ለሁሉም ሰውም አይሆንም። እያደጉ ላሉ ልጆች አይተከልም፤ መንጋጋው ሲያድግ ኢምፕላንቱ አብሮ ስለማይንቀሳቀስ ወደ ውስጥ የሰመጠ ይመስላል። ሲጋራ ማጨስ የመክሸፉን ዕድል ይጨምራል። ቁጥጥር የሌለው ስኳርም እንዲሁ። አጥንቱ ካነሰ መጀመሪያ አጥንት መጨመር ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ጊዜም ገንዘብም ነው። በጣም የምጠነቀቅለት ግን ሌላ ነገር ነው። ለአጥንት መሳሳት ወይም ወደ አጥንት ለተዛመተ ካንሰር የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች አሉ። እነዚህን የሚወስድ ሰው ጥርስ ሲነቀልም ሆነ ሲተከል የመንጋጋ አጥንቱ ሳይድን ሊቀር የሚችልበት አጋጣሚ አለ። መንጋጋው ላይ የጨረር ሕክምና የወሰደም እንዲሁ። ስለዚህ ለጥርስ ሐኪም የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ በዓመት አንዴ የምትወጉትን መርፌ ጨምሮ፣ ንገሩ። "ይሄ ከጥርስ ጋር ምን አገናኘው" አትበሉ።

አሁን ወደ አክስቴ ልምጣ። አክስቴ አንድም የራሷ ጥርስ የላትም። ከላይም ከታችም ሙሉ የሚወልቅ ጥርስ ታደርጋለች። ዕድሜዋን ሙሉ ድዷ ሲደማ "ብሩሹ ጠንካራ ሆኖ ነው" እየተባለች ኖራለች። የድድ ሕመም ክፋቱ አለማመሙ ነው። ይደማል፣ ይሸሻል፣ ጥርሱ ይነቃነቃል፣ ሕመም ግን እስከ መጨረሻው ላይኖር ይችላል። ከባድ የድድ ሕመም ያለበት ሰው በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን በላይ ነው።

የላይኛው ጥርሷ በደንብ ይይዛል። ሰፊ የላንቃ ሽፋን ስላለው ከምራቅ ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል። የታችኛው ግን ፈተና ነው። የሚያርፍበት ቦታ ጠባብ ነው፣ ምላስም በተንቀሳቀሰ ቁጥር ያነሳዋል። አጥንቷ በየዓመቱ ስለሚቀንስ ልክ የነበረው ጥርስ እየላላ ይሄዳል። ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያለው ሰው የመንከስ ኃይሉ የራስ ጥርስ ካለው ሰው ሩብ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ነው። አክስቴ ይህን ቁጥር ባታውቀውም በየገበታው ትኖረዋለች። ለዓመታት ጠንካራ ምግብ እየተወች፣ የሚዋጥ ነገር ብቻ እየመረጠች፣ ሰው ቤት ስትጋበዝ "ጠግቤያለሁ" እያለች ቆየች። እኛ ዘመዶቿ ዕድሜ ነው አልን።

ዕድሜ አልነበረም። የታችኛው መንጋጋዋ ላይ ሁለት ኢምፕላንት ተተከለላትና የሚወልቀው ጥርሷ በእነሱ ላይ እንደ ልብስ ቁልፍ ቅጭ ብሎ እንዲገጥም ተደረገ። ማታ ታወልቀዋለች፣ ቀን አይንቀሳቀስም። እ.ኤ.አ. በ2002 በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች የታችኛው ጥርሱን በሙሉ ላጣ ሰው ቀዳሚው ምርጫ ይህ ሊሆን ይገባል ብለው ተስማምተዋል። ሁለት ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ ሙሉ መንጋጋ በኢምፕላንት መሙላት አይደለም። አክስቴ በዚያ ሰሞን ያለ ጭንቀት ስታኝክ አይቼ፣ ይህን ማንም ሳይነግራት ያለፉት ዓመታት ቆጩኝ። ዛሬም ይቆጩኛል።

ኢምፕላንት ለማይችል ሰውም ቢሆን የላላ ጥርስ የዕድሜ ልክ ፍርድ አይደለም። የውስጡ ክፍል በአዲስ ልክ ተሞልቶ እንደገና እንዲገጥም ይደረጋል። ቀላል ሥራ ነው። ማጣበቂያ እየጨመሩ ከመሰቃየት ሐኪም ጋ ሄዶ ልኩን ማስተካከል ይሻላል። እንክብካቤውም እንዲሁ ሥርዓት አለው። ማታ ይወልቃል፣ ድዱ ያርፋል። ዕድሜያቸው 85 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ጃፓናውያን ላይ የተደረገ ጥናት ጥርሳቸውን አድርገው የሚተኙት በሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸው ከማያደርጉት በእጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ አሳይቷል። የሚጸዳው በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና ነው፤ የጥርስ ሳሙና ሻካራ ስለሆነ ይቧጭረዋል። የፈላ ውኃ ያጣምመዋል። ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ያድራል። አንድም ጥርስ የሌለው ሰው እንኳ ድዱንና ምላሱን ማጽዳት፣ በዓመት አንዴም መታየት አለበት፤ የአፍ ካንሰር ቀድሞ የሚታየው እንዲህ ባለ ምርመራ ነው።

መሐል ላይ አንድ ነገር ላስገባ፤ ለሰው ሊደርስ ስለሚችል ነው። በአደጋ ከነሥሩ የወጣ ቋሚ ጥርስ ብዙ ጊዜ ሊመለስ ይችላል። ከላይ በነጩ በኩል ያዙት፣ ሥሩን አትንኩት፣ አትፈትጉት። ከቆሸሸ በወተት ወይም በንጹሕ ውኃ ለአፍታ ብቻ ለቅለቅ አድርጋችሁ ወደ ቦታው መልሱትና ጨርቅ ነክሳችሁ ሐኪም ጋ ሩጡ። መመለስ ካልተቻለ ወተት ውስጥ አድርጋችሁ ውሰዱት። ደቂቃዎች ናቸው የሚወስኑት፤ አንድ ሰዓት ካለፈ ተስፋው በጣም ይቀንሳል። የሕፃን የወተት ጥርስ ግን አይመለስም፤ ከሥሩ የሚበቅለውን ይጎዳል።

ሰዎች ስለ አዲስ ጥርስ ማብቀያ መድኃኒትም ይጠይቁኛል። ወሬው ፈጠራ አይደለም። ጃፓን ውስጥ በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2024 በሰው ላይ የመጀመሪያው ሙከራ ተጀምሯል። የጥርስ ዕድገትን የሚገታ አንድ ፕሮቲንን የሚያግድ መድኃኒት ነው። የመጀመሪያው ደረጃ የሚመረምረው ደኅንነቱን ነው። መጀመሪያ የታሰበውም ከተፈጥሯቸው አንዳንድ ጥርሶች ለማይበቅሉላቸው ሰዎች ነው። ደስ የሚል ነገር ነው፤ በጉጉት እከታተለዋለሁ። ግን እሱን እየጠበቀ ዛሬ የሚዘመውን ጥርስ፣ ዛሬ የሚሟሟውን አጥንት ዝም የሚል ሰው እንዳይኖር እሰጋለሁ።

ጥርስ ለማስነቀል ቀጠሮ የያዘ ሰው ይህን እያነበበ ከሆነ፣ ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ይህ ጥርስ በእርግጥ መዳን አይችልም ወይ? ጎረቤቶቹ ጤነኞች ናቸው ወይ? የድድ ሕመም አለብኝ ወይ፣ ካለብኝስ መጀመሪያ እሱ አይታከምም ወይ? ወደፊት ኢምፕላንት ብፈልግ አጥንቱን ለመጠበቅ በሚነቀልበት ዕለት የሚደረግ ነገር አለ ወይ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ሰዓት አለው፤ ከተነቀለ ከወራት በኋላ ቢጠየቅ ዋጋው ይቀንሳል። ምንም ባላስገባስ ምን ይሆናል? የምትመክረኝ ነገር ሲበላሽ ምን ይዞ ነው የሚበላሽ፣ ራሱን ብቻ ወይስ ጎረቤቶቹንም?

ምትኩ ከተሠራ በኋላ ደግሞ አንድ ነገር ቀርቷል። የሚወልቅም ይሁን ድልድይ ወይም ኢምፕላንት፣ እያንዳንዱ የራሱ የማጽጃ ዘዴ አለው። ከድልድይ ሥር በልዩ ክር ነው የሚጸዳው፤ በኢምፕላንት ዙሪያ በትንሿ የጥርስ መካከል ብሩሽ። በወረቀት የተሰጠ መመሪያ አይበቃም። መስታወት ይያዝላችሁ፣ እዚያው ሐኪሙ ፊት በራሳችሁ እጅ አጽዱት፣ ያልደረሳችሁበትን ቦታ ያሳያችሁ።